ትርፍ የሚባለው ላሜራ

የድሮ መኪና የሚያሳድስ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ዓይን በሚያየው ነገር ላይ ነው። ቀለሙ፣ ክሮሙ፣ የመቀመጫው ቆዳ። ከሥር ስላለው ነገር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ ስለ ቮልስ የሞተር ዙሪያ ላሜራዎች ልጻፍ፤ ብዙ ቮልስ በነሱ ጉድለት እየሞተ ስለሆነ።

እነዚህን ላሜራዎች አብዛኛው ሰው የጭቃ መከላከያ ብቻ አድርጎ ያያቸዋል። ጎማ የሚረጨው ውኃና ጭቃ ሞተሩ ክፍል እንዳይገባ መከልከላቸው እውነት ነው። ዋናው ሥራቸው ግን ሌላ ነው።

ቮልስ ራዲያተር የላትም። ቺንጋው ዲናሞውን ሲያዞር አብሮ የሚዞረው ቬንትሌተር ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ስቦ በሲሊንደሮቹ ላይ ይነፋል። አየሩ ሙቀቱን ይዞ ወደ ታች ይወጣል። ላሜራዎቹና ጠርዛቸውን የሚዞረው ጎማ የላዩን አየር ከታችኛው ይለያሉ። አንዱ ከጎደለ ቬንትሌተሩ የተፋውን ትኩስ አየር፣ የማርሚታውን ሙቀት ጨምሮ፣ መልሶ ይስባል።

በድሮዎቹ ሞተሮች ላይ ችግሩ ይብሳል። የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ሦስተኛው ድሮም የሚደርሰው ሞቅ ያለ አየር ነው። ፋብሪካው ራሱ ይህን አይቶ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ወደ ጎን አውጥቶታል።

የእኔዋ የ1968 ሞዴል ናት። ከአምስት ወር በኋላ ከጋራዥ ልረከብ ስሄድ ቀለሟ ፊት ያሳያል። ከፊት ሻንጣው ውስጥ ግን አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ላሜራና ቡሎን አገኘሁ።

"ጋሼ፣ እሱ ትርፍ ነው። ያለሱም ትነሳለች" አለኝ ልጁ።

"ትርፍ ከሆነማ ጀርመኖቹ ምን ቆርጧቸው ሠሩት?" አልኩት።

ትነሳለች ማለቱ ውሸት አይደለም። ከቦሌ ፒያሳም ታደርሳለች። ጉዱ የሚወጣው ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ስትወጡ ነው። ያኔ ደግሞ የሚነግራችሁ የለም፤ ቮልስ ዳሽቦርዷ ላይ የሙቀት መለኪያ የላትም። ነገሩን የምታውቁት ቫልቭ ሲቃጠል ወይም ሞተሩ ሲነክስ ነው።

በልጁ ብቻ አልፈርድም። ሞተር ለማውረድ የኋላው ላሜራ የግድ መፈታት አለበት። ቡሎኑ ዝጎ ጥርሱ ይበላል፣ መልሶ መግጠም ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ለዚያ የሚከፍል ደንበኛ ደግሞ የለም። ቀለሙን በሺዎች የምንከፍል ሰዎች ለላሜራው ስንጠየቅ "ምን ይሠራል?" እንላለን። እሱ የተማረው ከእኛ ነው።

ከፈልኩት፤ አብረን ገጠምነው። ላሜራዎቹን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገን ሙቀት የሚችል ቀለም ቀባን። ዝገት የበላቸውን ቡሎኖች በአዲስ ባለ 6 ሚሊ ተካን። ለምታሠሩ ሰዎች አንድ ምክር፦ ጠርዙ ላይ የሚዞረው ጎማ የሚገባው ሞተሩ ወርዶ ሳለ ነው። ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ እጅ አያስገባም፤ ብዙ መካኒክ የሚተወውም ለዚህ ነው። የካንዴላ ገመዶቹ ላሜራውን በሚያልፉበት ቦታ ያሉትን ትናንሽ ጎማዎችም አትርሱ። በነሱ ቀዳዳም አየር ይሾልካል።

ከነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ከአባት የተወረሱ ናቸው። ሠርግ ያጀቡ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ያመላለሱ። ላያቸውን አሳምሮ ሞተራቸውን ማቃጠል ማሳደስ አይባልም።

ስለዚህ ቮልሳችሁን ስትረከቡ ቀለሙን ከማድነቃችሁ በፊት የሞተሩን ኮፈን ክፈቱ። በሞተሩ ዙሪያ አጎንብሳችሁ ወደ ታች ተመልከቱ። መሬት ከታያችሁ ሥራው አላለቀምና ቀሪውን ሂሳብ አትክፈሉ። ላሜራዎቹ የት እንዳሉ ጠይቁ፤ ምናልባት ጋራዡ ጥግ ላይ በማዳበሪያ ታስረው ይሆናል።