እንዚራና ፔዳል

ልጅ ሳለሁ በአርብ ገበያ የምንሰማቸው ዘፈኖች ቤዝ አልነበራቸውም። ነበራቸው እንጂ፤ እኛ ዘንድ አይደርስም ነበር። በሻይ ቤቱ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው ቴፕ መዳፍ የምታክል ድምፅ ማጉያ ነበረችው። ከእርሷ የሚወጣው የዘፋኙ ድምፅ፣ ሳክስፎኑ፣ ኦርጋኑና የድራሙ ጠርዝ ብቻ ነው። ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሌ እወጣው ነበር። የአይቤክሱ ጆቫኒ ሪኮ ከዚያ ሁሉ ሥር በቤዝ ጊታሩ ምን ይሠራ እንደነበር ግን ያወቅሁት አዲስ አበባ ገብቼ ደረት የሚነካ ማጉያ ፊት ከቆምኩ በኋላ ነው። የማውቀው ቤት ምድር ቤት እንደነበረው በሃያ ዓመቴ የተነገረኝ ያህል ሆነብኝ። ቤዝ መማር የጀመርኩትም በዚያው ሰሞን ነው።

ነገሩ ቀላል ፊዚክስ ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ትንሽ ማጉያ ደግሞ በሰከንድ ከ200 ርግብግብታ በታች ያለውን ድምፅ ለመግፋት አቅም ያንሰዋል። ስለዚህ ጥርት ብሎ የተቀዳ ቤዝ በትንሽ ቴፕ ውስጥ ሲያልፍ ይሰወራል።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ጋር አልገጥም ብሎኝ ቆየ። በዚያው መደርደሪያ ላይ ራዲዮም ነበር፤ በሁዳዴ ጾም በገና ሲለቀቅበት ያ ጉርምርምታ ሙሉ ሆኖ፣ ክፍሉን ሞልቶ ይሰማ ነበር። በገናም ወፍራም ድምፅ ነው። ማጉያውም መዳፍ የሚያህል ነው። ታዲያ በገናው ሲያልፍ ቤዙ ለምን በር ላይ ቀረ?

መልሱን ያገኘሁት በገና በመማር አልነበረም፤ ፔዳል በመርገጥ ነው።

ስለ ፔዳል ለማያውቅ አንባቢ፦ በጊታሩና በማጉያው መካከል የምትገባ፣ በእግር የምትረገጥ ትንሽ የብረት ሳጥን ናት። ዓይነቷ ብዙ ነው። ኮምፕረሰር የሚባለው ጠንካራውንና ደካማውን ምት ያቀራርባል፤ ጥሩ አገልጋይ ነው፤ ሲበዛ ግን ተጫዋቹን ሁሉ አንድ ሰው ያደርገዋል። ኦክታቭ ከምትጫወተው ድምፅ በታች ሌላ ድምፅ ያክላል፤ አንድ ድምፅ ብቻ ሲሰጡት ይታዘዛል፤ ሁለት ሲሰጡት ግን የትኛውን እንደሚከተል ግራ ይገባዋል። ኤንቬሎፕ ፊልተር በምትህ ጥንካሬ ልክ አፉን እየከፈተና እየዘጋ «ዋው» ይላል። ቡትሲ ኮሊንስን የመሰሉ የፈንክ ሰዎች ተአምር ሠርተውበታል። በእኔ እጅ ግን በትዝታ ቅኝት ላይ ሲገባ ለቀስተኛ መሐል እንደሚቀልድ ሰው ይሆናል፤ ሸጥኩት። የቀረኝ ፈዝ ነው፤ የድምፁን ሞገድ ጫፍና ጫፉን ቆርጦ ሻካራ የሚያደርገው።

ፈዝን ብዙ ሰው የሮክ ጊታር ንብረት አድርጎ ያየዋል። ትውልዱ ግን ከቤዝ ወገን ነው። ማርቲ ሮቢንስ የተባለው አሜሪካዊ የገጠር ሙዚቃ ዘፋኝ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው «ዶንት ወሪ» በተባለ ዘፈን ውስጥ፣ ግሬዲ ማርቲን የሚጫወተው ባለ ስድስት ክር ቤዝ በተበላሸ የስቱዲዮ መሣሪያ ውስጥ አልፎ እንደ ተናደደ ንብ እዝዝ ብሎ ወጣ። ያንን ብልሽት የስቱዲዮው ባለሙያ ግሌን ስኖዲ ሆነ ብሎ የሚያመጣ ዕቃ ሠራለት፤ በ1962 ማኤስትሮ ፈዝ-ቶን ተብሎ ለገበያ ቀረበ። ሥራዬ ብሎ የገዛው ሰው የበዛው ግን ሮሊንግ ስቶንስ በ1965 «ሳቲስፋክሽን»ን ካወጡ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የጊታር ስም ተሰጥቶት ቀረ።

የባንድ ጓደኞቼ ፈዝ የገዛሁ ዕለት ደስ አላላቸውም። የኢትዮጵያ ቤዝ ጥርት ያለ ነው ይላሉ፤ ማስረጃቸውም ጠንካራ ነው። መላከ ገብሬ ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1977 በወጣው «ቼ በለው» ላይ የተጫወተውን አድምጦ «ይህ ጎድሎታል» የሚል ማን አለ? እኔም አልልም። ብቻ አንድ ምሽት የልምምዳችንን ቅጂ በስልኬ ስሰማ፣ ያለ ፈዝ በተጫወትኩበት ዘፈን ውስጥ የለሁም። ፈዙን በረገጥኩበት ላይ ግን አለሁ፤ ወፍራሙ ክር ሳይቀር። የሻይ ቤቱ እንቆቅልሽ በዚያች ቅጽበት ተፈታ። ሞገዱ ሲቆረጥ ከ41ዱ በላይ 82፣ 123፣ 164፣ 205 እያሉ የሚሄዱት የላይ ድምፆች ይጎለብታሉ። ትንሹ ማጉያ ታችኞቹን ባይችል ላይኞቹን ያሰማል፤ ጆሮም ልጆቹን አይቶ አባታቸውን እንደሚያውቅ ሰው፣ የሌለውን 41 ራሱ ይሞላዋል።

በገናም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዐሥሩ የአንጀት አውታሮች በሚያርፉበት በርኩማ ላይ፣ በአውታሩና በእንጨቱ መካከል ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ እንዚራ ይሉታል። አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳውን እየዳሰሰ ይለቀዋል፤ ያ ዳሰሳ ነው ድምፁን የሚያንዘረው። ሕንዶችም በታንፑራ አውታር ሥር ቀጭን ክር አስገብተው ከዚህ የሚቀራረብ ነገር ያደርጋሉ። ዓለሙ አጋ በኢትዮጲክስ 11ኛ ቅጽ ያስቀዱትን በስልክም፣ በትልቅ ማጉያም ሰምቼ አነጻጽሬአለሁ፤ ስፋቱ ይለያይ እንጂ አውታሩ በሁለቱም አለ። ናሽቪል በብልሽት ያገኘችውን አባቶቻችን በቆዳ ቁራጭ ያውቁት ነበር ብሎ መፎከር እዚህ ላይ ይቻል ነበር። እንዲህ ያለው ፉከራ ግን ቶሎ ይሰለቸኛል፤ ደግሞም ልዩነታቸው ከምስስሎሻቸው የበለጠ አስተማሪ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ያየሁት አጎቴ ቤት ነው። አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ በአርብ ገበያ የሚኖር፣ በጾም ወራት በገናውን ከግድግዳ የሚያወርድ ሰው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቤዜን፣ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ማጉያና ፈዙን ይዤ ወረድኩ። መብራት ቢጠፋ ብዬ ባለ ዘጠኝ ቮልት ድንጋይ በብዛት ገዝቻለሁ፤ ደግም አደረግሁ፤ ሁለቱን ቀን መብራት አልነበረም። ጾም ነውና ዘፈን አልተጫወትኩለትም፤ አንድ አንድ ድምፅ ብቻ እየመታሁ አሰማሁት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ።

«ደኅና ይነዝራል» አለ። «አሁን ሁለቱን ባንድ ላይ ምታቸው።»

ሁለት ክር ባንድ ጊዜ መታሁ። ድምፁ ተተረማመሰ።

«ተጣሉ» አለኝ። «ለምን አንድ ቤት አስገባሃቸው?»

«ሳጥኑ አንድ ነው፣ አያ። ሁሉም በሱ ነው የሚያልፉ።»

«እንግዲያ ምን ያርጉ! ይኸ የኔው እኮ ለየራሱ ነው ቆዳው» አለና እየነካካ አሳየኝ። የእያንዳንዱ አውታር እንዚራ የተቀመጠበት ቦታ ከሌላው ለጥቂት ይለያል። አንዱን በጥፍሩ ትንሽ ገፋው፤ ንዝረቱ ጠፋ። መለሰው፤ መጣ። መቃኛውን ካጠበቀ በኋላ ሁሉንም እንደ ገና አንድ በአንድ ሲያስተካክል ግማሽ ሰዓት የሚሆን ጊዜ ወሰደ። እኔ ይህን በአንድ ቁልፍ ነው የምጨርሰው።

የአጎቴ ቃል በቴክኒክም ልክ ነው። ሁለት ድምፅ ተደምሮ ከተቆረጠ ሳጥኑ የሁለቱን ድምርና የሁለቱን ልዩነት ይወልዳል፤ ማንም ያልተጫወታቸው ድምፆች ናቸው፤ ጠቡ ከእነርሱ ነው። በገና ላይ ግን እያንዳንዱ አውታር ለብቻው ሻክሮ ነው ከሌላው ጋር የሚገናኘው። ስለዚህ ያለፈው አውታር ገና እየነዘረ አዲሱ ሲመታ አይተራመሱም፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በገናን ያን ያህል ሰፊ የሚያደርገው ይህ ይመስለኛል።

አጎቴ በዚህ አላቆመም። ከቆዳው ጠርዝ ቁራጭ ቆርጦ በቤዜ ክርና በብረቱ ማረፊያ መካከል አስገባ። ድምፁ ታፈነ፤ ከበሮ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ያህል። ማረፊያውን በጣቱ ለክቶ «በርኩማው ጠበበ፤ ክሩ የሚተኛበት የለውም» አለ። እውነቱን ነው፤ በገና ላይ አውታሩ በሰፊ እንጨት ላይ ተንጋሎ ነው ቆዳውን የሚዳስሰው፤ የእኔ ቤዝ ላይ ግን ክሩ ስለት በሚመስል ጠርዝ ላይ ነው የሚያርፈው።

ማታ እራት ቀርቦ ሳለ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ «ይኸን የምትመታው የት ነው?»

«በምሽት ክበብ» አልኩት፤ ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ዝም አለ። አልተቆጣም፤ አልመከረም። ከእንጀራው ቆርሶ ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። በገና የጸሎት ዕቃ መሆኑን ለእኔ መንገር አያስፈልገውም፤ በዚያ ቤት ያደግሁ ነኝ። ዝምታውን ግን ይዤው ተመለስኩ። ቤዜን በገና አላስመስለውም፤ የበገና መዝሙር ዜማም በመድረክ አልነካም። ከአጎቴ ቤት ይዤ የወጣሁት አንድ ሥርዓት ነው፤ እያንዳንዱ ክር ለየራሱ ይሻክር የሚለው። ይህ የእጅ ሥራ ጥበብ ነው፤ ማንንም ያስቀይማል ብዬ አላስብም። ከእኔ ጋር የማይስማማ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ምናልባትም አጎቴ ራሱ።

አዲስ አበባ ስመለስ ለሥርዓቱ መላ መፈለግ ጀመርኩ። ንጹሑንና ሻካራውን ድምፅ ማቀላቀል የታወቀ ነው፤ ፖል ማካርትኒ በ1965 በቢትልስ «ቲንክ ፎር ዩርሰልፍ» ላይ አንድ ንጹሕ፣ አንድ ፈዝ የገባበት ቤዝ ደርቦ ተጫውቷል። ይህ የታችኛውን ክብደት ይጠብቃል፤ ጠቡን ግን አይፈታም። መላው የተገኘው ካልጠበቅሁት ቦታ፣ ከራሱ ከቤዙ ነው። የእኔው ቤዝ ፌንደር ፕሪሲዥን የሚባለው ቅጂ ነው። ከ1957 ጀምሮ የዚያ ቤዝ ፒክአፕ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ አንዱ ግማሽ ሁለቱን ወፍራም ክሮች፣ ሌላው ሁለቱን ቀጫጭን ይሰማል። ሁለቱ ተያይዘው አንድ መውጫ አላቸው። ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ጠጋኝ ሽቦውን ለይቶ ሁለት መውጫ አደረገልኝ። «ለምን?» አላለም፤ የማደንቀው ሰው ነው። አንድ ዋጋ ግን አስከፈለኝ፤ ሁለቱ ግማሾች አብረው ሲሆኑ ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣውን እምም የሚል ድምፅ እርስ በርስ ያጠፉት ነበር፤ ሲለያዩ ሁለቱም ማጉረምረም ጀመሩ። ከፍሎረሰንት መብራት ሥር መቆም ተውኩ።

ወፍራሞቹን ንጹሕ ትቼ ቀጫጭኖቹን በፈዝ አሳለፍኳቸው። ከላይና ከታች ባንድ ላይ ስመታ አልተጣሉም። የቀኝ እጄን ማለስለስና ማጠንከርም ትርጉም አገኘ፤ የቤዙን የድምፅ ቁልፍ ጥቂት ዝቅ ሳደርገው፣ በቀስታ የነካሁት ክር ይጠራል፣ ጠንከር አድርጌ የመታሁት ይሻክራል። ሻካራነቱን እግሬ ሳይሆን ጣቴ ይወስን ጀመር።

ከፋሲካ በኋላ ለአጎቴ ልጅ ስልክ አንድ ትዝታ ቀድቼ ላክሁለት፤ አጎቴ እንዲሰማው። በሦስተኛው ቀን ደወለ። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እናቴ ወገብ ተነጋገርን፤ ልንሰነባበት ስንል ነገሩን አነሣው።

«ቀጫጭኖቹ ደኅና ይናገራሉ» አለ። «ወፍራሞቹ ግን የሉም።»

«አሉ፣ አያ፤ ስልኩ ትንሽ ስለሆነ ነው የማይሰሙ።»

«ስልኩማ የኔም በገና ሲቀዳበት ይሰማል። ቆዳ ነፍገሃቸዋል እንጂ።»

አሁን እግሬ ሥር ሁለት ፔዳሎች አሉ። የወፍራሞቹ አሮጌ ነው፤ ቀለሙ ተልጧል፤ ከንጹሑ ድምፅ ጋር አቀላቅዬ ቁልፉን ከሩብ አላሳልፈውም። በልምምድ ክፍሉ ትልቅ ማጉያ ላይ መግባቱ እንኳ አይታወቅም።