የሌለው ካርድ

ሰኔ ሊያልቅ ቀናት ቀርተውታል። በጀት መዝጊያ ሰሞን ሒሳብ ክፍል ምን እንደሚመስል የገባበት ያውቀዋል። ሰኞ ጠዋት ታዲያ ዋናው የሒሳብ ኮምፒውተር ከሰርቨሩም ከፕሪንተሩም ተቆራረጠ። የክፍሉ ኃላፊ ከጀርባዬ ቆመው፣ «ልጄ፣ እባክህ ከዚህ ጉድ አውጣን» ይሉኛል። ከወዲያ ደግሞ፣ «ቫይረስ ነው፤ ፎርማት ይደረግ» የሚል አለ።

ኬብል ቀየርን፤ ስዊቹን አጥፍተን አበራን። ለውጥ የለም። ሰርቨሩን ፒንግ ሳደርገው ግን ከታች የሚወጣው ቁጥር፣ የተላከ አራት፣ የደረሰ አራት፣ የጠፋ ዜሮ ይላል። ቢቸግረኝ ኬብሉን ጭራሽ ነቅዬ ሞከርኩ። አሁንም አራቱም ደረሱ! ላብ አጠመቀኝ። ገመድ ተነቅሎ የሚመልስልኝ ማን ነው?

መልሱን መስመር በመስመር አነበብኩት። የመጣው ከ192.168.1.200 ነው፤ የሚለውም «ሊደረስበት አልተቻለም» ነው። ዊንዶውስ ይህንንም ከደረሱት ይቆጥረዋል። (ይህን አቆጣጠር ያወጣው ሰው አንድ ሰኔ ሒሳብ ክፍል ቢመደብልኝ ደስ ይለኛል።) አድራሻው የሰርቨሩ አይደለም፤ የዚያው የኮምፒውተሩ ነው። ዓርብ ማታ አዲስ ፕሮግራም ሊሞክር የመጣ የሻጩ ድርጅት ባለሙያ፣ ማይክሮሶፍት ኬኤም-ቴስት ሉፕባክ አዳፕተር የሚባለውን ምናባዊ የኔትወርክ ካርድ ጭኖ፣ ከቢሯችን አድራሻዎች አንዱን ሰጥቶት ሄዷል።

ካርዱ ሶፍትዌር ብቻ ነው። ቋሚ አድራሻ ካላገኘሁ አልነሳም ለሚል ፕሮግራም መላ ይሆናል። ክፋቱ ፍጥነቴ 1.2 ጊጋቢት ነው ማለቱ ነው፤ የእኛ አሮጌ ስዊች ደግሞ 100 ሜጋቢት ነው። ዊንዶውስ ወደ አንድ ኔትወርክ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች ሲያገኝ፣ ሌላ ካልታዘዘ፣ ፈጣን ነኝ ያለውን ያስቀድማል። ለሰርቨሩ የላክነው ሁሉ መውጫ ወደሌለው ካርድ ሲገባ ዋለ።

የካርዱን አድራሻ 10.10.10.1፣ ሰብኔት ማስኩን 255.255.255.0 አደረግሁ፤ ጌትዌዩንና ዲኤንኤሱን ባዶ ተውኩት። ፕሪንተሩ ከጠዋት ጀምሮ የታዘዘውን ወረቀት ይተፋ ጀመር።

በሰው ኮምፒውተር ላይ ይህን ካርድ ለሙከራ የምትጭኑ ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ ከቢሮው የተለየ አድራሻ ስጡት፤ ስሙን «የሙከራ» በሉት፤ ስትጨርሱም ከዲቫይስ ማኔጀር አጥፍታችሁት ሂዱ።