ከለቅሶና ከሠርግ ውጪ፦ ዘመድ በላንጋኖ ዳር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ የታጠፈ መንገደኛ ዓለም ጤናን፣ መቂንና ባቱን አልፎ ቡልቡላን ከተሻገረ በኋላ ሁለት ሐይቆች መሃል ይገባል፤ በቀኙ አብያታ፣ በግራው ላንጋኖ። ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ ጠዋት የወጣ ሰው ለምሳ ይደርሳል። ውኃውን ቡናማ ሆኖ ሲያዩት የቆሸሸ የሚመስላቸው አሉ፤ ቀለሙ ግን ከአርሲ ተራሮች የሚወርዱት ወንዞች ከሚያመጡት፣ ነፋሱም እየቀሰቀሰ ከሚያማታው ደቃቅ ደለል የመጣ ነው። እዚህ ዳርቻ ላይ ድንኳን ተክሎ የሚያድረው በአብዛኛው የጓደኛሞች ቡድን ነው። እኔ በዚህ ማስታወሻ የምከራከረው ለዘመድ አዝማድ ነው። አያት፣ አክስት፣ አጎትና የአጎት ልጆች ተሰባስበው አንድ ሁለት ሌሊት በሐይቅ ዳር ቢያድሩ፣ በከተማ እየላላ ላለው ዝምድናችን ከየትኛውም ድግስ ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቴን ላስረዳ። የከተማ ዘመድ በዋናነት የሚገናኘው በለቅሶና በሠርግ ነው። ሠርግ ላይ ሙዚቃው ወሬ አያስወራም፤ ምግቡ ተበልቶ፣ ፎቶው ተነሥቶ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የመጣ ዘመድም ቢሆን በየቤቱ ምሳ እየተጋበዘ ሲዞር ዕረፍቱ ያልቃል፤ ልጆቹ «ብሉ እንጂ» ሲባሉ ይቆዩና የአክስታቸውን ልጆች ስም እንኳ ሳይለዩ ይመለሳሉ። ለቅሶ ከዚህ የተሻለ ነበር። ዘመድ ከሩቅ መጥቶ እስከ ሣልስት እዚያው ያድር በነበረበት ጊዜ፣ ሌሊቱን ሽማግሌው የዘር ሐረጉን ይቆጥራል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ልጁም የማን የልጅ ልጅ እንደሆነ ይሰማል። ያ ሁሉ የሚሆነው ሰው አብሮ ስለሚያድር ነው። አሁን ግን በከተማ ለቅሶ ደራሹ ጥቂት ተቀምጦ ይነሣል። ሐይቅ ዳር ማደር ይህን የጠፋ ሌሊት ያለ ሐዘን ይመልስልናል። እንግዳና ባለቤት የሚባል ነገርም የለም፤ ካስማ የሚመታ፣ ገመድ የሚወጥር፣ ውኃ የሚቀዳ ሰው ያስፈልጋል፤ የሐረር ልጅና የዴንቨር ልጅ በአንድ ሥራ ላይ እጃቸው ሲገናኝ ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ።

«ድንኳን የለቅሶ ነው፣ ያለዚያም የችግረኛ መጠለያ ነው፤ ለመዝናናት በድንኳን ማደር የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ተቃውሞ አውቃለሁ። ታሪካችን ግን ይህን አይደግፍም። አፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን መቀመጫቸው ከማድረጋቸው በፊት ለረጅም ዘመን ነገሥታቱ ከቦታ ቦታ በሚዘዋወር የድንኳን ከተማ ይኖሩ ነበር። በ1520 እ.ኤ.አ. የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም የአፄ ልብነ ድንግልን የድንኳን ሰፈር አይቶ ጽፏል። ዛሬም ቢሆን ጥር 10 በከተራ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወርደው በድንኳን ያድራሉ፤ ምእመኑም አብሮ ያድራል። በውኃ ዳር፣ በድንኳን፣ ሕፃን ከሽማግሌ ጋር ማደር የከበረ ልማዳችን ነው፤ እንግዳ የሚሆንብን በቤተሰብ ደረጃ ስላልሞከርነው ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከሴቶች የሚመጣው ነው። ሽርሽሩ ለወንዶች ነው፤ ለእኛ ወጥ ቤቱ ቦታ ለወጠ እንጂ አልቀረም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ለሠላሳ ሰው ዶሮ ወጥ ለመሥራት ድስትና ምጣድ ጭኖ ላንጋኖ መውረድ ድካሙን በአቧራ ላይ መድገም ነው፤ እንዲህ ከሆነ ባይሄዱ ይሻላል። ነገር ግን አገራችን የመንገድ ምግብ የሌላት አይደለችም። ነጋዴውም፣ ዘማቹም፣ ተሳላሚውም ወራት የተጓዙት በስንቅ ነው፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ። ከሐይቁ በስተምሥራቅ ካለው ከአርሲ ደጋ ደግሞ ከገብስ ዱቄትና ከቅመም ቅቤ የሚሠራው ጭኮ አለ፤ ለቀናት ሳይበላሽ ይቆያል፣ እሳት አይፈልግም። ወንዶችም ቢሆኑ ማብሰል ነውር ያልሆነባቸው ቦታ ድሮም ነበር። የጋለ ድንጋይ በሊጥ ተጠቅልሎ ፍም ላይ የሚጋገረው ብርኩታ የእረኛና የመንገደኛ ወንድ እንጀራ ነው። እንግዲህ ስንቁ ቀደም ብሎ በየቤቱ ተከፋፍሎ ይዘጋጅ፣ እሳቱንና ጥብሱን አጎቶች ይያዙት፣ ዕቃ አጠባውን ወጣቶቹ። በዚህ ሳይስማሙ መነሣት አይገባም፤ የጉዞው ፍትሕ የሚወሰነው ከቤት ሳይወጣ ነው።

የአረጋውያን ጉዳይ የሚመስለውን ያህል አይከብድም። በዳርቻው የሚከራዩ ክፍሎች ስላሉ አያቶች በአልጋቸው አድረው ቀኑን ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሊውሉ ይችላሉ። አካባቢው ቆላ በመሆኑ ወባ አለ፤ አጎበር ሳይያዝ መሄድ ድፍረት ነው። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ከውኃ ስለሚወጣ ድንኳን ከዳሩ ራቅ ማለት፣ የአካባቢውንም ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ ማዕበል ይነሣልና ልጆችን ጠዋት ማስዋኘት ይሻላል።

አንድ ተቃውሞ ግን በከፊል እቀበላለሁ፤ ብዙ ሰው በሰፈረ ቁጥር ዳርቻው ይጎዳል የሚለውን። ጎረቤቱን አብያታን ማየት ይበቃል። መጋቢ ወንዞቹ ለመስኖ ስለተጠለፉ፣ ለሶዳ አሽ ምርትም ውኃ ስለተሳበ ሐይቁ ከጥንት ዳርቻው እጅግ ሸሽቷል፤ የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ግራሮች ደግሞ ከሰል ሆነዋል። በመንገዱ ዳር የተደረደረው ጆንያ የዚያ ዱር ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ከሰል አይግዛ፣ ግራር አይቁረጥ፤ ማገዶውን ተተክሎ ከሚቆረጠው ባሕር ዛፍ ከቤቱ ይጫን፣ ቆሻሻውንም ይዞ ይመለስ። ይህን የማይችል ቤተሰብ እቤቱ ይቆይ ብል አላፍርም።

ክረምቱ ሲወጣ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ መንገዱም ይደርቃል። የዘመዱን ሁሉ ስልክ የያዘች አክስት በየቤተሰቡ አትጠፋም። እባክዎ እትዬ፣ ቀጣዩ መርዶ ሳይመጣ ይደውሉ።