ስለ ጂጂ አልበም ሁሉም ያወራው ስለ ላስዌል ነበር

እ.ኤ.አ. በ2001 የእጅጋየሁ ሽባባው «ጂጂ» ሲወጣ፣ ባሕር ማዶ ያሉ የሙዚቃ ጸሐፊዎች አዲስ ድምፃዊት ተገኘች ብለው ተቀበሉት። አገር ቤት ግን አዲስ አልነበረችም። ከዚያ በፊት ለኢትዮጵያውያን አድማጮች ሁለት አልበም ሠርታ ስሟ ታውቆ ነበር። ስለዚህ አንዱ ወገን የመጀመሪያ ሥራ ብሎ ሲያደምጥ፣ ሌላው ከሚያውቃት ጂጂ ጋር እያስተያየ አደመጠ። አሞካሹና ነቃፊው ገና ሲነሱ ሌላ ሌላ ቦታ ላይ ቆመው ነበር።

አልበሙን ያሳተመው ፓልም ፒክቸርስ ነው። ባለቤቱ ክሪስ ብላክዌል ደግሞ ቦብ ማርሌይን ለዓለም ያስተዋወቀው የአይላንድ ሪከርድስ መሥራች ነው። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል የቤዝ ተጫዋች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የኸርቢ ሃንኮክ «ሮኪት» ላይ እጁ አለበት። ለጂጂም ያንኑ ሃንኮክን፣ ዌይን ሾርተርንና ፋሮአ ሳንደርስን አሰባሰበላት። በጃዝ ዓለም እነዚህን ሦስት ሰዎች አንድ ዲስክ ላይ ማግኘት ራሱ ወሬ ነው። ወሬውም ሆነ! ባሕር ማዶ የተጻፈው ሙገሳ ብዙው ስለ አጃቢዎቹ ዝና እና ስለ ላስዌል ጥበብ ነበር።

አገር ቤት ሲደርስ ብዙ ሰው ፊቱን ቋጠረበት። ከነባሩ የአዘፋፈን ልማድ የወጣ፣ ፈረንጅ የነካካው ተባለ። ቅሬታው እንዲያው ከንቱ ጥላቻ አልነበረም። የካሴት ዘመን አድማጭ የለመደው ድምፃዊው ፊት ለፊት ቆሞ፣ ኪቦርዱና ከበሮው ከሥሩ ሆነው የሚያጅቡበትን ቅንብር ነው። ግጥሙ ቃል በቃል ሊሰማው ይፈልጋል፤ ዘፈን አብሮ የማይዘፈን ከሆነ ምኑን ዘፈን ሆነ? «ጂጂ» ላይ ቤዙ ይከብዳል፣ መሣሪያዎቹ ከዘፋኟ እኩል ይናገራሉ፣ አንዳንዴም ድምፅዋ ከመሣሪያው መሐል ብቅ ጥልቅ ይላል። የዜማዎቹ መሠረት ግን ከአገሩ ቅኝት ብዙም አልራቀም። የራቀው ከሥር የተነጠፈው ነው።

ነቃፊውም አሞካሹም፣ እንግዲህ፣ ያወሩት ስለ አንድ ሰው ነበር። አንዱ ላስዌል አሳመረው አለ፣ ሌላው ላስዌል አበላሸው። የዘፈኖቹን ብዙውን ግጥምና ዜማ የሠራችው ልጅ በሁለቱም በኩል በእንግድነት ቀረች። በእኛ አገር የካሴት ሽፋን ላይ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ተብሎ ለየብቻ መጻፉ የቆየ ወግ ነው፤ ሂሱም በዚያው ልክ ቢለያይ ኖሮ ጭቅጭቁ ግማሽ በግማሽ ይቀልል ነበር። ላስዌል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2003 ያንኑ አልበም በደብ ስልት አፍርሶ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ብሎ አወጣው። በዚያ ላይ የጂጂ ድምፅ ቁርጥራጭና ማስተጋባት ሆኗል። በዚያው ዓመት «አቢሲኒያ ኢንፊኒት» በሚል ስም የወጣው «ጽዮን ሩትስ» ደግሞ በተቃራኒው ወደ ክራርና ወደ ባሕላዊው ድምፅ ያዘነብላል። ያው ዘፋኝ፣ ያው ፕሮዲውሰር፣ ግን ሁለቱን ዲስኮች ተራ በተራ ላዳመጠ ሰው ማን ምን እንደጨመረ ለመለየት ሊቅ መሆን አያሻም።

ቅኝት ከተነሳ ደግሞ ወሎ ሳይጠራ አይታለፍም። የዋግ አድማጭም ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ ሰቆጣ የዋግ አውራጃ ከተማ፣ ዋግም የወሎ ክፍል በነበረበት ዘመን፣ ስማቸው የታወቀው ባቲና አምባሰል ቅኝቶች የዚያው ክፍለ ሀገር ቦታዎች ስም ነበሩ። አምባሰል ሲባል ተራራው ለሚታየው አድማጭ ቅኝት ጠፋ ማለት ቀላል ክስ አይደለም። የዝቋላ ሰው (የቢሾፍቱው ገዳም ሳይሆን የዋግ ኽምራው ዝቋላ) ጂጂን የሚሰማበት ሌላም ምክንያት አለው። ቻግኒ፣ የተወለደችበት ከተማ፣ የአዊ ነው። አዊና ኽምራ ሁለቱም አገው ቢባሉም አዊኛና ኽምጥኛ ርስ በርስ አይግባቡም፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚያግባባቸው አማርኛ ነው፤ የጂጂ አማርኛ ዘፈንም በዚያው መንገድ ይደርሳል።

ከ«ጂጂ» አልበም ውስጥ ሁለት ዘፈኖች የአገር ቤቱን ፍርድ ገለበጡት። «አድዋ» በየዓመቱ የካቲት 23 ሲደርስ በየአደባባዩና በየጣቢያው የሚለቀቅ ሆኗል። ዋግሹም ጓንጉል የዋግና የላስታን ጦር ይዘው በዘመቱበት ጦርነት ስም የተዘፈነ ነውና ሰቆጣ ላይ ባዕድ የሚለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። «አባይ» ደግሞ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ መሠረት ከተጣለ ወዲህ ሁለተኛ ዕድሜ አግኝቷል። ተከዜም ዝቋላን አልፎ በአትባራ በኩል እዚያው ወንዝ ውስጥ ይገባል፤ ዋግም ከዘፈኑ ድርሻ አለው ማለት ነው። የተለወጠው ቅንብሩ አይደለም፤ ያኔ የተቀረጸው ነው ዛሬም የሚለቀቀው። ጆሮ ነው የለመደው። ደፍሮ ለመናገር፣ የያኔ ነቃፊዎች ስለ ድምፁ መራቅ ልክ ነበሩ፣ ስለ ዕድሜው ግን ተሳስተዋል።

የዚህ ልማድ ፍሬ እ.ኤ.አ. በ2018 ታየ። ሮፍናን ኑሪ «ነጸብራቅ» የተሰኘ የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ኤሌክትሮኒክ ምቱ ከጂጂው ቤዝ ይብሳል እንጂ አያንስም፤ ሆኖም ወጣቱ እየጨፈረ ተቀበለው። አቀናባሪው ራሱ ዘፋኙ ስለሆነ የውጭ ሰው አበላሸብን የሚባልበት ቀዳዳ አልነበረም። 

በኽምጥኛ የመጀመሪያ አልበሙን ይዞ ከሰቆጣ የሚመጣ ወጣት ይህ ሁሉ ልምድ ይጠቅመዋል፤ ያም ሆኖ አይበቃውም። ቋንቋውን የሚሰማው አድማጭ ግጥሙን ይመዝናል፤ አዲስ አበባ ያለው ቃሉ ስለማይገባው የሚመዝነው ምቱን ነው፤ አቀናባሪው ስመ ጥር ከሆነ ደግሞ ወሬው ሁሉ ወደ አቀናባሪው ይሄዳል። ግጥሙንም ምቱንም የሚያዳምጥ ሃያሲ ቢያንስ ኽምጥኛውን የሚያስረዳው ሰው አጠገቡ ማስቀመጥ ይኖርበታል።