ጀነሬተር ከመግዛትህ በፊት ባትሪህን ጠይቅ

ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ አርባ ምንጭ የሚወርዱ፣ ከዚያም በኮንሶ በኩል ወደ ኦሞ ሸለቆ ወይም ወደ ሞያሌ የሚዘልቁ፣ መኝታቸውንና ማእድ ቤታቸውን በመኪና ላይ ጭነው የሚጓዙ እንግዶች ምንጊዜም አይታጡም፤ ከእኛም አስጎብኚዎች መካከል ከመኪናው ባትሪ ሌላ አንድ ሁለት ባትሪ ከኋላ አኑረው፣ በነጭ ሣር ሜዳ ለሚያድር እንግዳ ቀዝቃዛ ውኃና የድንኳን ብርሃን የሚያቀርቡ አሉ። እነዚህ ሰዎች «የትኛውን ጀነሬተር ልግዛ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ እኔ ደግሞ መልሼ «ባትሪህ ስንት አምፔር ሰዓት ነው? ቻርጀሩስ ስንት አምፔር ይሰጣል?» እላቸዋለሁ፤ አብዛኞቹም የሚያውቁት በአርባ ምንጭ፣ በሲቀላ ሰፈር ሱቅ ደጃፍ ሻጩ ገመዱን ስቦ ሲያስነሣው የሰሙትን ድምፅና በሆዱ ላይ የተለጠፈውን ትልቅ ቁጥር ብቻ ነው።

ነገሩን ከባትሪው እንጀምር። ሁለት ባለ 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪዎች ለዕድሜያቸው ሲባል ከግማሽ በታች ሊወርዱ ስለማይገባ፣ በየጊዜው የሚተካላቸው ቢበዛ ግማሹ ነው፤ ለዚህም የሚያሻቸው የ30 አምፔር ያህል ቻርጀር ነው፤ ይህም በ14.4 ቮልት ሲሰላ 432 ዋት ይሆናል፤ በቻርጀሩ ውስጥ ወደ ሙቀት ተለውጦ የሚባክነው ሲጨመርበት ደግሞ ከ500 ዋት ያልፋል፤ ርካሽ ቻርጀር ከሆነም በጀነሬተሩ ላይ የሚጥለው ሸክም ከዚህ ይከብዳል። እንግዲህ 1,000 ዋት የተጻፈበት ትንሽ ጀነሬተር ይበቃል ያሰኛል፤ በዓባያ ሐይቅ ዳርም በእርግጥ ይበቃ ይሆናል።

ነገር ግን የጋሞ ምድር ሜዳ አይደለም። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ከእርስዋ አርባ ኪሎ ሜትር እንኳ የማትርቀው ጨንቻ ወደ 2,700 ሜትር ትደርሳለች፤ አየሩ በሳሳ መጠን ሞተሩ የሚተነፍሰው ኦክሲጅን ስለሚያንስ፣ በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ 3.5 በመቶ ያህል ይጎድልበታል። በዚህ ስሌት አንድ ሺው ዋት አርባ ምንጭ ላይ 850፣ ጨንቻ ላይ ደግሞ ከ690 በታች ይሆናል፤ ያም ቢሆን በተለጠፈው ቁጥር ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ለቅጽበት የሚወጣው ከፍተኛው ኃይል እንጂ ሳያቋርጥ የሚሰጠው አለመሆኑን ሳንቆጥር ነው። ወደ ጨንቻ የሚያወጣውን የዶርዜን ዳገት ወጥቶ ጥቁር ጭስ የሚተፋ ጀነሬተር ያየ ሰው ካንዴላውን ቢፈታ ጥላሸት ለብሶ ያገኘዋል፤ ለቆላ የተስተካከለው ካርቡሬተር በደጋ አየር ቤንዚን አብዝቶ ይሰጣልና ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚያታልለው፣ በጀነሬተሩ ጎን ያለው የ12 ቮልት መውጫ ነው። ይህ በአብዛኛው ከ8 አምፔር በላይ አይሰጥም፤ ቮልቱም ለባትሪው ጠባይ የተመጠነ ስላልሆነ፣ እውነተኛው መንገድ የ220ውን መስመር ወደ ደኅና ቻርጀር ማስገባት ነው። እንደዚህም ሆኖ የእርሳስ ባትሪ እስከ ሰማንያ በመቶ ፈጥኖ ይጠጣና የቀረውን አንገቷ በጠበበ ገንቦ ውኃ እንደመቅዳት ያህል በዝግታ ይቀበላል፤ ለዚያች ለመጨረሻዋ ጥቂት ጀነሬተሩን ሰዓታት ማስጮህ፣ ቤንዚን ተሰልፎ በሚቀዳበት ወይም በጠርሙስ በሚቸረቸርበት ዘመን፣ ኪስን በከንቱ ማራቆት ነው። ማለዳ ጀነሬተሩ፣ ከዚያ በኋላ በመኪናው ጣራ ላይ ሶላር ፓነል ካለ እርሱ ይሥራ፤ የአርባ ምንጭ ፀሐይ ለዚህ አትሰስትም። ሊቲየም የገዛ ሰው ደግሞ ባትሪው ብዙ አምፔር በአንድ ጊዜ ስለሚስብ ቻርጀሩ ከፍ ይላል፤ ጀነሬተሩም አብሮ ከፍ ይበል።

ስለ ዓይነቱ ከተጠየቅሁ፣ ኢንቨርተር ያለውን እመርጣለሁ፤ ዋጋው ቢወደድም ሸክሙ ሲቀንስ ፍጥነቱን ራሱ ስለሚቀንስ ቤንዚን ይቆጥባል፣ ጩኸቱም ያንሳል። በ1966 ዓ.ም. በተቋቋመው በነጭ ሣር ፓርክ የሜዳ አህያ በሚሰማራበት ሥፍራ በሌሊት የሚያጓራ ሞተር ማስነሣት ግን፣ ኢንቨርተርም ይኑረው አይኑረው፣ እኔ ነውር ነው ባይ ነኝ።

የጀነሬተሩ ጭስ በከሰል ጭስ ውስጥ ያለው ያው ሽታ የሌለው ገዳይ አየር ስላለበት፣ ዝናብ ቢመጣም እንኳ ጀነሬተሩ ወደ መኪናው፣ ወደ ድንኳኑ ወይም ወደ በረንዳው አይግባ፤ የጭስ መውጫውም ከሚተኙበት ይራቅ፣ ነፋሱም ጭሱን ከመኝታው በሚያርቅበት በኩል ይሁን።

ፍርዴን ለጠየቃችሁኝ፦ ከቆላ የማትወጡና አንድ የእርሳስ ባትሪ ያላችሁ በባለ 1,000 ዋቱ ኑሩ፤ ጨንቻና ዶርዜ የምትወጡና ሁለት ባትሪ የጫናችሁ ግን ያለማቋረጥ 1,600 ወይም 1,800 ዋት ከሚሰጠው አትውረዱ፤ ስትገዙም ቻርጀራችሁን ይዛችሁ ሂዱና በሻጩ ፊት ሙሉ ሸክም አስጭናችሁ ሞክሩት።