ኮሶን በቁሙ ማየት

አብነት ላደግን ሰዎች ኮሶ ማለት ከመርካቶ ተገዝቶ፣ ተወቅጦ የሚጠጣ መራራ የትል መድኃኒት ነው። እኔ ዛፉን በቁሙ ያየሁት ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ፣ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ በዲንሾ የእንግዳ ማረፊያ ባደርሁ ጊዜ ነው። የሌሊቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ሲነጋ ግን ከኮሶውና ከጽዱ ሥር የደጋ አጋዘን ሲግጥ ታያለህ፤ ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር ዱር አይገኝም። ፓርኩ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ ነገር ግን መዝገብ ብቻውን መጥረቢያ አያስቆምም። ገበያ የዕቃውን ዋጋ ይነግረናል እንጂ የበቀለበትን ሥፍራ አያሳየንም፤ ላላዩት ነገር መሳሳት ደግሞ ያስቸግራል። ስለዚህ ከደመወዝህ ወይም ከኪስ ገንዘብህ ጥቂት በጥቂት ቆጥብና፣ ካፖርትህን ደርበህ አንድ ሌሊት እዚያ እደር። ዛፉን በቁሙ ያየ ሰው፣ ሲቆረጥ ዝም ብሎ ለማለፍ ይከብደዋል።