የዘጠኝ ሰዓት ትራንዚት

የትዳር ጓደኛችሁን ጠዋት ተቀብላችሁ ከሰዓት በኋላ ሸኝታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። በ2016 ዓ.ም ኅዳር ወር፣ በአንድ ረቡዕ ቀን፣ ባለቤቴ ከአሜሪካ ወደ ናይሮቢ ሲያልፍ ቦሌ ላይ የዘጠኝ ሰዓት ቆይታ ነበረው። ጠዋት 1 ሰዓት ያርፋል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ይነሣል። ከተለያየን አራት ዓመት ሆኖን ነበር።

ለምን ጥቂት ቀን አልቆየም ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ፤ ያውም በለሰለሰ ድምፅ አይደለም። ናይሮቢ የምትኖረው ታላቅ እኅቱ ቀዶ ሕክምና ልታደርግ ነበር፤ ከሥራ ያገኘው ፈቃድ ሰባት ቀን ብቻ ነው፤ በመልሱም ቦሌ ላይ የሚቆየው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። "በሚቀጥለው ዓመት በደንብ እመጣለሁ" አለኝ። ይህችን "በሚቀጥለው ዓመት" አራት ጊዜ ሰምቻታለሁ።

እናቴ ወሬውን እንደ ሰማች ዶሮ ልትገዛ ተነሣች። ዘመድ ይጠራ፣ ቤት ይጸዳ ተባለ። እኔ ግን ምናልባት ካገባሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቢ አልኩ። ቤት ከገባ የዘመድ ነው እንጂ የእኔ አይሆንም። እንደ ቱሪስት ከተማውን እናያለን ብዬ ወሰንኩ። እናቴ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

ስለ ትራንዚት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይጠቅማችኋል። ትኬቱ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ቢጻፍም በእጃችሁ ያለው ከአምስት ሰዓት አይበልጥም። ከአውሮፕላን ወርዶ፣ ኢሚግሬሽን ተሰልፎ እስኪወጣ አንድ ሰዓት ይሄዳል። ለዓለም አቀፍ በረራ ደግሞ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መመለስ ነው። ሻንጣው እስከ መጨረሻው መድረሻ ከተላከ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የእጅ ቦርሳ ይዞ መውጣት ይበቃል። ባለቤቴ የያዘው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ስለሆነ ቪዛ አላስፈለገውም። ዜግነቱን የለወጠ ግን ቪዛ ወይም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ሊኖረው ይገባል፤ አለዚያ ዘመዱ ከውጭ ቆሞ እሱ ከውስጥ ሰዓቱን ሲቆጥር ይውላል።

የቦሌ ተርሚናል በጥር 2011 ዓ.ም ተስፋፍቶ ሲመረቅ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታስቦ ነበር። ያን ጠዋት ከ22 ሚሊዮኑ አንዱን ብቻ ነበር የምጠብቀው። ከስቶ ወጣ። ተቃቅፈን ስንላቀቅ ሁለታችንም ምን እንደምንል ጠፋን፤ እንደ አማትና ምራት "ደኅና ነሽ? ደኅና ነህ?" ተባባልን።

የያዝነው ታክሲ በወሎ ሰፈርና በኦሎምፒያ አድርጎ ወደ መስቀል አደባባይ ወጣ። በጻፍኩት ዝርዝር ላይ አምስት ቦታዎች ነበሩ፤ እውነቱን ለመናገር ያየነው አንዱን ነው። ባለቤቴ ካሳንቺስ ስንደርስ ሹፌሩን "እባክህ ቀስ በል" አለው። ያደገባት ሰፈር ናት። በመስኮት የዳቦ ቤቱን፣ ኳስ የሚጫወቱበትን ቅያስ አሳየኝ። አሥር ጊዜ ነግሮኛል፣ ግን አላቋረጥኩትም። "ውረድና እይ" ስለው "ስመለስ" አለኝ። በ2017 ዓ.ም በኮሪደር ልማቱ የካሳንቺስ ብዙው ክፍል ፈረሰ። ያን ቀን ማን ያውቅ ነበር?

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገባን። ድንቅነሽ ከታች ነው ያለችው። በመስታወት ውስጥ ለሕዝብ የምትታየው ቅጂዋ ናት፤ ትክክለኛው አጽም ተቆልፎ ይጠበቃል። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም በአፋር ሐዳር የተገኘች ሲሆን ተመራማሪዎች 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይሰጧታል። (ስለ ዕድሜዋ ከአንዳንዶቻችሁ ጋር ክርክር እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ለዛሬ ይለፈን።) እኔን የነካኝ ሌላው ታሪኳ ነው። በነሐሴ 1999 ዓ.ም ለኤግዚቢሽን ወደ አሜሪካ ተልካ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም ነው የተመለሰችው። ይህን ለባለቤቴ ነገርኩትና "አየህ፣ እሷ እንኳ ስድስት ዓመት ሳይሞላት ወደ ቤቷ ተመልሳለች" አልኩት። ቀልዴ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም።

ወደ ሰላም ዞረ። ሰላም በአፋር ዲኪካ በ1993 ዓ.ም በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን የተገኘች ሕፃን ናት፤ ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ እንደነበረች ይገመታል። ባለቤቴ እዚያ ብዙ ቆመ። ሰዓታችን እየሄደ ስለነበር እጁን ሳብ አደረግሁት። ያኔ ነው የገባኝ፤ ልጃችንን ትቶት ሲሄድ ሦስት ዓመቱ ነበር።

ከአምስት ኪሎ መገናኛ በሚኒባስ፣ ከመገናኛ ደግሞ በባቡር ወደ ሲኤምሲ ለመሄድ አሰብን፤ ልጃችን የሚማረው እዚያ ነው፣ ለምሳ ቀደም ብለው እንዲለቁልኝ አስፈቅጄ ነበር። ባቡሩን ባለቤቴ "ባቡራችን" ይለው ነበር፤ በ2008 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር አብረን እስከ አያት ለመዝናናት የሄድንበት ነው። አሁን ግን ብዙ ጠበቅን። ሲመጣ ሰው በሰው ላይ ነበር። ተጨናንቀን፣ ፊቱ ከፊቴ አንድ ስንዝር ርቆ ቆምን። ጉርድ ሾላን እንዳለፍን በጆሮዬ ነገረኝ።

ሰባት ወር ሥራ አልነበረውም። የሚልክልኝን ገንዘብ በክሬዲት ካርድ ተበድሮ ነበር የሚልከው። አሁን ሥራ አግኝቷል፣ ዕዳው ግን አለ፤ ወለዱም እየጨመረ ነው። ላለመምጣቱም ምክንያቱ ይኸው ነው። የናይሮቢውን ትኬት እንኳ የገዙለት ወንድሞቹ ናቸው።

ባቡር ውስጥ ባንሆን ኖሮ እጮህ ነበር። ያን ሁሉ እሑድ "ደኅና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው" ሲለኝ የነበረው ሰው! ደግሞም ከዚያ ገንዘብ ላይ ሶፋ ገዝቼበታለሁ። ባለ ሰባት መቀመጫ፣ ለእንግዳ። ንዴቴ በአንዴ አልበረደም፤ በረደ ብላችሁ እዋሻችኋለሁ። እስከ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ዝም አልኩት።

ከዚያ የራሴ መጣብኝ። በጸሎት ቡድናችን ውስጥ አንድ ቀን "ባሏ ውጭ ሄዶ ስለረሳት አንዲት እኅት እንጸልይ" ብዬ ርእስ አስይዤ ነበር። እኅቶች ስሟን ሲጠይቁኝ "አታውቋትም" አልኩ። እያለቀሱ ጸለዩላት። ይህን ነገርኩት። መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። አጠገባችን የነበሩ አንዲት እናት ቦታቸውን ሊለቁለት ተነሡ፤ ሕመምተኛ መስሏቸው ነው።

ልጃችን ከትምህርት ቤቱ በር ሲወጣ በስልክ እንደሚያደርገው "ዳዲ!" ይላል ብዬ ነበር። አላለም። ከኋላዬ ተሸሸገና የአባቱን ጫማ ብቻ ማየት ጀመረ። ገርጂ ምሳ በላን፤ እሱ ጠረጴዛ ሥር እያጎነበሰ ጫማውን ያያል። ባለቤቴ ተጨነቀ። በመጨረሻ ልጁ "እግርህ ትልቅ ነው" አለው። በቪዲዮ ለካ እግር አይታይም። ከዚያ በኋላ ቋንቋው ተፈታ፤ ሾርባዬን ቅመስልኝ፣ ደብተሬን እይልኝ ሆነ።

በወረቀት ፎጣ ላይ ዕዳውንና ወርኃዊ ክፍያውን ጻፈልኝ። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። 7 ሰዓት ሲሆን ቦሌ ደረስን። ሸኚ ወደ ውስጥ ስለማይገባ ከውጭ ተሰነባበትን፤ ልጁ የአባቱን ቀበቶ ጋ ቆሞ ቁመቱን በእጁ ለካ።

ሶፋውን በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሸጥኩት። እናቴ እንግዳ የት ይቀመጣል ብላ እንደገና አኮረፈች። እኔና ልጄ አሁን ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለን ነው እሑድ እሑድ የምንደውለው። ልጁ ሰላምታውን ሳይጨርስ "ስልኩን ዝቅ አድርግ፣ እግርህን አሳየኝ" ይለዋል።